የሚመለስና የማይመለስ ብርሃን
በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለሚታዩ የዓይን ሕመሞች የቀረበ ምልልስ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ደጋ ተነሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ቆላ በሚወርደው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር፣ የዓይን ሕመም ሁሉ ብዙ ጊዜ «ዓይኑን አመመው»፣ ሲብስም «ዓይኑ ጠፋ» በሚል አንድ አነጋገር ተጠቃልሎ ይታለፋል። ነገር ግን ከሕመሞቹ አንዱ በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና የሚድን፣ ሌላው በመነጽር ብቻ የሚስተካከል፣ ሌላው ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በምንም ዓይነት መድኃኒት የማይመለስ በመሆኑ፣ ልዩነታቸውን ያላወቀ ሰው መቸኮል በሚገባው ጊዜ ይታገሣል፤ ተስፋ ማድረግ በሚገባው ጊዜም ተስፋ ይቆርጣል። የሚከተለው ምልልስ ይህን ልዩነት ለማብራራት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ተናጋሪዎቹ ለማስተማሪያ የተቀረጹ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም ሥርዓት የተማሩ የዜማ መምህር፣ ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያ የምታገለግል የዓይን ሕክምና ነርስ ናት። መምህሩ እንደ አገሩ ልማድ የኔታ፣ ነርሷም ሲስተር ተብለው ይጠራሉ።

የኔታ፦ በድጓ መጽሐፍ ላይ ዋናው ፊደል በጉልህ ሲጻፍ የዜማው ምልክት ግን ከፊደሉ በላይ በረቂቅ ብዕር ስለሚሰፍር፣ አንድ መምህር አርባ ዓመት ሲያልፈው መጀመሪያ የሚሰወርበት ያ ምልክት ነው፤ መጽሐፉንም ከፊቱ እያራቀ፣ ክንዱ እስኪያጥረው ድረስ ይዘረጋዋል። እስቲ ልጄ፣ ይህ የዕውርነት መጀመሪያ ነውን?

ሲስተር፦ አይደለም የኔታ። በዓይን ውስጥ፣ ብርሃን ከሚገባበት ቀዳዳ በስተኋላ፣ ሌንስ የሚባል ጥርት ያለ አካል አለ፤ ሌንሱ በወጣትነት ጊዜ እንደ ልብ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ በመሆኑ ሩቁንም ቅርቡንም እያስተካከለ ያሳያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየደረቀ ስለሚሄድ የቅርቡን ነገር ማጥራት ይሳነዋል። ይህ ፕሬስቢዮፒያ የሚባለው ለውጥ በሽታ ሳይሆን ሽበትን የመሰለ የዕድሜ ጸጋ ነው፤ የሚደርሰውም በሊቃውንቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ፈትል በምትፈትለው፣ መርፌ በምታስገባውና ምስር በምትለቅመው እናት ላይ ጭምር ነው። መድኃኒቱ የማንበቢያ መነጽር ነው፤ መነጽሩ ሲደረግ ምልክቱ በዚያው ቅጽበት ይመለሳል።

የኔታ፦ እንዲህ ከሆነ በገበያ ከተዘረጋው መነጽር አንዱን መርጦ መግዛት ይበቃል ማለት ነው።

ሲስተር፦ ለቅርብ ንባብ ብቻ ከሆነና ሁለቱም ዓይኖች እኩል የሚያዩ ከሆነ የገበያው መነጽር ጉዳት የለውም። ሆኖም አርባ ዓመት ያለፈው ሰው መነጽር ፈልጎ በሚመጣበት ጊዜ ዓይኑ ቢመረመር፣ ራሱን ሳያስታውቅ የሚጎዳ ሌላ ሕመም ሊገኝ ይችላል። የሕፃናቱ ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። አንድ ተማሪ ቅርቡን እያየ ሩቁ ቢደበዝዝበት፣ ይኸውም ማዮፒያ የሚባለው የእይታ ጉድለት ቢኖርበት፣ ጥቁር ሰሌዳው ስለማይነበብለት ሰነፍ ተብሎ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጣል፤ የአንድ ዓይን ጉድለት ሲሆን ደግሞ ደኅናው ዓይን እየሸፈነለት ማንም ሳያውቅበት ያድጋል። አእምሮ ማየትን የሚለምደው በልጅነት በመሆኑ፣ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ጥርት ያለ ምስል ሳይደርሰው የቆየ ዓይን በኋላ መነጽር ቢደረግለትም ሙሉ እይታ ላያገኝ ይችላል። ስለዚህ ሕፃኑን አንድ ዓይኑን በመዳፍ እያስሸፈኑ፣ ሩቅ ያለውን ነገር በየተራ እንዲናገር ማድረግ ለማንኛውም መምህርና ወላጅ የሚቻል ምርመራ ነው።

የኔታ፦ የሽማግሌዎቹ ዓይን ነጭ የሚለብሰውስ? የአገሩ ሰው ሞራ ይለዋል፤ «ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይነሣል» እያለም ዓመታት ይጠብቃል።

ሲስተር፦ ሞራ፣ በሕክምናው ካታራክት፣ የዚያው የሌንስ መደፍረስ ነው፤ ጥርት ብሎ የነበረው የእንቁላል ውኃ እሳት ሲነካው ነጭ እንደሚሆን፣ ሌንሱም በዕድሜ፣ በአደጋ፣ በስኳር በሽታ ወይም በሌላ ምክንያት ቀስ እያለ ይነጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በመላ ኢትዮጵያ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት እንዳሳየው፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ሲሆን፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው ሞራ ነበር። የሚያሳዝነውም የሚያስደስተውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሞራ ያጨለመው ዓይን ቀዶ ሕክምና በማድረግ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተካለት፣ ሌላ ሕመም ከሌለበት እንደገና ያያል። «እስኪበስል» የሚለው አነጋገር ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሳይነጣ ቀዶ ሕክምና በማይደረግበት በቀድሞ ዘመን የተለመደ ነው፤ በዛሬው ሕክምና ግን መመዘኛው የሞራው መብሰል ሳይሆን ሰውየው ሥራውን ለመሥራትና መንገዱን ለመሄድ መቸገሩ ነው። እጅግ የቆየ ሞራ እንዲያውም ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል፤ አንዳንድ ጊዜም በዓይን ውስጥ ግፊት አስነሥቶ የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል። በጠብታም ሆነ በሥራ ሥር የሚሟሟ ሞራ የለም።

የኔታ፦ የማይመለስ የተባለው ነገር እዚህ ላይ ተነሥቷልና ይብራራ። ሞራው ከተነሣ በኋላም ብርሃን ያላገኘ ሰው በየአጥቢያው አለ፤ ከዚያ ወዲህም ጎረቤቱ ሁሉ ቀዶ ሕክምናን ይሸሻል።

ሲስተር፦ ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ግላኮማ ነው። በዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭና የሚፈስ ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ሲጠብ ግፊት ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል ምስል የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳዋል፤ ግፊቱ ከልክ ሳያልፍም ነርቩ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በተለመደው ዓይነቱ ሕመም የለውም፣ ዓይኑም አይቀላም፤ እይታው ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ስለሚሄድ፣ በሽተኛው ፊት ለፊቱን እያየ በጎኑ ካለው ነገር ጋር መጋጨት ሲጀምር እንኳ ጥፋቱን በድካም ያሳብበዋል። የሞተ ነርቭ ስለማይመለስ፣ ሕክምናው የቀረውን ከማዳን አያልፍም፤ የዓይን ጠብታውም እንደ ምግብ በየዕለቱ፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነው። ወላጁ ወይም ወንድሙ በግላኮማ የተጎዳ ሰው ምንም ሳይሰማው መመርመር የሚገባው ስለዚህ ነው። የሰውየው ሞራ ተነሥቶ ብርሃን አለማግኘቱም የቀዶ ሕክምናው ጥፋት ላይሆን፣ ከሞራው በስተኋላ ነርቩ አስቀድሞ በመጎዳቱ ሊሆን ይችላል።

የኔታ፦ እንግዲህ የሚመለሰውም የማይመለሰውም ተለየ። በዚህ አገር ግን ከሕፃን እስከ አሮጊት የሚያሠቃየው ትራኮማ ነው፤ እርሱ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

ሲስተር፦ ትራኮማ ከሁለቱም ይለያል፤ በየደረጃው ሊቆም የሚችል፣ መጨረሻው ላይ ከደረሰ ግን በቀላሉ የማይመለስ ነው። መነሻው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ከሕፃን ወደ ሕፃንና ከሕፃን ወደ እናት የሚተላለፈው በዓይናር፣ በንፍጥ፣ ፊት በጋራ በሚጠረግበት የነጠላ ጫፍና በዝንብ እግር ነው። የላይኛው የዓይን ቆብ ተገልብጦ ሲታይ በውስጠኛው ገጽ ላይ ነጫጭ ፍሬ መሰል እብጠቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ አምስትና ከዚያ በላይ ፍሬዎች በመካከለኛው ክፍል ከታዩ ንቁ ትራኮማ አለ ይባላል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ይህ ነው የሚባል ሕመም አይሰማውም። ልክፍቱ በየዓመቱ ሲደጋገም ግን ፍሬዎቹ የነበሩበት ቦታ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳውም ከብዙ ዓመት በኋላ እየተኮማተረ የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ዓይኑን መውጋት ይጀምራል። ይህ ደረጃ ትሪኪያሲስ ይባላል። ሰው ዓይኑን በጨፈነ በገለጠ ቁጥር ፀጉሩ ኮርኒያን፣ ማለትም በዓይን ፊት ያለውን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ እየፋቀ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲሽር ነጭ ጠባሳ ትቶ ይጋርዳል።

የኔታ፦ ለዚህም ነው በየቤቱ ወረንጦ የማይጠፋው፤ ብዙ እናቶች በአንገታቸው ማተብ ላይ አሥረው ይዘውት ይዞራሉ፤ ፀጉሩ ሲወጋቸውም ከጎረቤት ሴት ፊት ወደ ፀሐይ ቀና ብለው ያስነቅላሉ።

ሲስተር፦ ወረንጦው ለጊዜው ያሳርፋል። እንዲያውም በአማራ ክልል በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ዓይንን የሚነኩ ፀጉሮቻቸው ጥቂት በሆኑ ሰዎች ላይ፣ በጥሩ ወረንጦ በሥርዓት መንቀልና ቀዶ ሕክምና ከሁለት ዓመት በኋላ በእይታና በኮርኒያ ጠባሳ ረገድ ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል። ችግሩ የተለመደው የቤት ወረንጦ አፉ የማይገጥም በመሆኑ ፀጉሩን ከሥሩ ሳይነቅል ከመካከል መስበሩ ነው፤ የተሰበረ ፀጉር አጭርና ጠንካራ ሆኖ ስለሚቀር ከረጅሙ ይልቅ ይወጋል። ፀጉሩ ከበዛ ወይም ቆቡ በግልጽ ከታጠፈ ግን መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ እርሱም ቆቡን አደንዝዞ ጠርዙን ወደ ውጭ የሚያዞር፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠነ ነርስ የሚሠራና በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚያስመልስ ነው።

የኔታ፦ ተሠርቶላቸው ፀጉሩ የተመለሰባቸው ግን አሉ፤ ይህም ሌላውን ያስፈራል።

ሲስተር፦ መመለሱ እውነት ነው፤ ሊሸሸግም አይገባም። በኢትዮጵያዊው ተመራማሪ በእስማኤል ሀብታሙ መሪነት በዚሁ በአማራ ክልል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ቆቡን የሚያዞሩ ሁለት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችን በ1,000 ሰዎች ላይ አወዳድሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በአንደኛው ከመቶ 22፣ በሁለተኛው ግን ከመቶ 13 ያህል ሰዎች ላይ ፀጉሩ እንደ ተመለሰ አሳይቷል። ስለዚህ የሠሪው ችሎታና የአሠራሩ ዓይነት ለውጥ ያመጣሉ፤ የተመለሰበትም ሰው እንደገና መሠራት ይችላል። ፀጉሩ እየወጋ መቀመጥ ግን ኮርኒያውን በየቀኑ ማስፋቅ ነው፤ የተጋረደ ኮርኒያ ደግሞ ከሟች ለጋሽ በሚገኝ ኮርኒያ ካልተተካ በቀር አይጠራም፤ ያም ከዚህ ርቆ፣ በውስን ሆስፒታል ብቻ የሚገኝና በትራኮማ በተጎዳ ዓይን ላይ ብዙ ጊዜ የማይሳካ ሕክምና ነው።

የኔታ፦ ከወንዱ ይልቅ ሴቲቱን የሚያጠቃው ለምንድን ነው? ጭሱ ነው የሚሉ አሉ።

ሲስተር፦ ጭስ ዓይንን ያስለቅሳል፣ ያቀላል፤ ትራኮማን ግን አያመጣም። ሴቶች በትሪኪያሲስ ከወንዶች በእጥፍና ከዚያ በላይ የሚጠቁት፣ ከሕፃናት ጋር ተኝተው፣ ሕፃናትን አዝለውና ፊታቸውን ጠርገው ስለሚኖሩ ልክፍቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለሚደጋገምባቸው ነው። የ2005ና 2006ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው፣ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ደግሞ ከመቶ አምስት ያህሉ ትሪኪያሲስ እንደ ያዛቸው አሳይቶ ነበር። የዛሬዋ ሕፃን ዓይናር የነገዋ እናት ወረንጦ ነው።

የኔታ፦ በየዓመቱ የሚሰጠው መድኃኒት ከዚህ የተነሣ ነውን? ሕመምተኛውም ጤነኛውም በዱላ ቁመቱ እየተለካ ይውጣል፤ ጤነኛው ለምን ይውጣል የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል።

ሲስተር፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መንገድ አራት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ የታጠፈን ቆብ መሥራት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መስጠት፣ ፊትን መታጠብና አካባቢን ማጽዳት ናቸው። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ሲሆን፣ አምራቹ ፋይዘር በነፃ ይለግሰዋል፤ በአማራ ክልልም ከካርተር ማዕከልና ከላየንስ ክለብ ጋር በመተባበር ይሰራጫል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረውና «ማልትራ» የተባለው ሳምንት፣ ወባንና ትራኮማን አንድ ላይ ለመዋጋት ሚሊዮኖችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያዳረሰ ዘመቻ ነው። ዱላው ሚዛንን ይተካል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሰጠዋል። ጤነኛ የሚመስለው ሰው የሚውጠውም ባክቴሪያው ምልክት ሳያሳይ በአንዱ ቤት ከቀረ በወራት ውስጥ መንደሩን መልሶ ስለሚይዝ ነው። ከዓባይ ማዶ፣ በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደ ጥናት፣ መድኃኒቱ ለሕዝቡ ሲደጋገም በሕፃናት ዓይን ላይ ያለው ልክፍት በጉልህ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን፣ መድኃኒቱ በተሰጠባቸው መንደሮች የሞቱት ሕፃናት ቁጥር ገና ካልተሰጠባቸው መንደሮች በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

የኔታ፦ ፊት መታጠቡ ግን ለተናጋሪ ይቀላል። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ዝናብ በሚጠፋበት ዓመት ሴቲቱ ጀሪካኗን አዝላ ከገደል ሥር ውኃ ስትቀዳ ትውላለች፤ ሕዝቡም በሴፍቲኔት እህል ይደገፋል። ያ ውኃ ለወጥና ለመጠጥ ሳይበቃ ለፊት እንዴት ይተርፋል?

ሲስተር፦ የኔታ ያነሡት የነገሩ ሥር ነው። ለአንድ ሕፃን ፊት የሚያስፈልገው ውኃ ግማሽ ጣሳ እንኳ አይሞላም፤ የጀሪካን ክዳን በሚስማር ተበስቶ ቢሰቀል ብዙ ልጆች በጥቂት ውኃ ይታጠባሉ። ዓይናሩ ሲጠረግ ዝንቡ የሚያርፍበትን ያጣል፤ ያም ዝንብ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ውስጥ እንጂ በተቆፈረ ሽንት ቤት ውስጥ ስላልሆነ፣ ሽንት ቤት መቆፈር ዓይንን ማከም ነው። ይሁንና እውነቱ ሙሉ ሆኖ ይነገር ከተባለ፣ በጎረቤት ዋግ ኽምራ ዞን ለሦስት ዓመት ውኃ፣ ንጽሕናና ሽንት ቤት የተስፋፋባቸው መንደሮች ከሌሎቹ መንደሮች ጋር ተነጻጽረው፣ የሕፃናቱ የዓይን ልክፍት ልዩነት እንዳላሳየ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት አስታውቋል። ይህ መታጠብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ትራኮማ እጅግ ሥር በሰደደበት አገር ውኃው ብቻውን፣ መድኃኒቱ ከሌለ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደማያሸንፈው ያስተምራል። ማሸነፉ ግን የሚቻል ነው፤ ጋና በ2018፣ ማላዊ በ2022 እ.ኤ.አ. ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አውጥተዋል። መለኪያው ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት ንቁ ትራኮማ ያለባቸው ከ5 በመቶ በታች መውረዳቸው፣ ከ15 ዓመት በላይ ካሉትም ለጤና ሥርዓቱ ሳይታወቅ የቀረ ትሪኪያሲስ ከ0.2 በመቶ በታች መሆኑ ነው። የአማራ ክልል መንገድ ከእነዚህ የረዘመው መነሻው ከባድ ስለነበረ ነው።

የኔታ፦ ሌላም ሕመም አለ፤ ሕፃኑ ቀን እየሮጠ ይጫወትና ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱ ይጠፋዋል። ዳፍንት ይባላል።

ሲስተር፦ ዳፍንት የቫይታሚን ኤ እጥረት ምልክት ነው፤ ዓይን በደብዛዛ ብርሃን የሚያይበት ንጥረ ነገር ከዚያ ቫይታሚን ይሠራልና፣ ሲጎድል ማታ ማየት ይቸግራል። ችላ ከተባለ የዓይኑ ነጭ ክፍል ይደርቃል፤ በመጨረሻም ኮርኒያው ቀልጦ በቀናት ውስጥ ሊፈርጥ ይችላል። ኩፍኝ በዚህ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ ሲደርስ ጥፋቱ ይፈጥናል። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባት የዓይን ክትባትም ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጠውም የቫይታሚን ኤ እንክብል ለዚህ ነው። የእናት ጡት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ የእንቁላል አስኳል፣ በቆላም ፓፓያና ማንጎ ይህን ያሟላሉ።

የኔታ፦ በውቂያ ጊዜ እብቅ ወይም በአጥር ሥራ ጊዜ እሾህ ዓይን ውስጥ ሲገባስ? አንዳንዱ ቅጠል ጨምቆ ያንጠባጥባል፤ አንዳንዱ ከሱቅ ጠብታ ይገዛል።

ሲስተር፦ ሁለቱም አደገኛ ናቸው። ቅጠሉ በቆሰለው ኮርኒያ ላይ ጀርምና ፈንገስ ያኖራል፤ ያለ ትእዛዝ የተገዛው ጠብታ ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ መቅላቱን እያጠፋ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደም ግላኮማና ሞራ ያስከትላል። ዓይኑ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ እንጂ አይታሽ፤ የገባው ነገር ካልወጣ ወይም ዓይኑ ብርሃን ከፈራ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የኔታ፦ ምእመናን ጸበል ይሄዳሉ። ይህ ከሕክምናው ጋር የሚጣላ ነውን?

ሲስተር፦ የሚጣላ ነገር የለውም፤ ጉዳት የሚመጣው አንዱ ለሌላው ሰዓት ሲከለክል ነው። ሞራ ያለበት ሰው ጸበሉን ጨርሶ ቢመጣ ቀዶ ሕክምናው ይጠብቀዋል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ግን በጸበል ሰሞን ጠብታውን ካቋረጠ የሚጠፋው ነርቭ አይጠብቀውም፤ የቆሰለ ኮርኒያም ሳምንት አይታገሥም። ጠብታው ከጸበሉ ጋር ሊሄድ ይችላልና፣ ካህናቱ ይህን ቢናገሩ ከማንም ባለሙያ ይልቅ ይሰማሉ።

የኔታ፦ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል የአገር ሰው። ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ የሚነገረው በአጭሩ ምን ይሁን?

ሲስተር፦ ይህ ይነገር። ዓይኑ ነጭ ለብሶ የደበዘዘበት ሽማግሌ ሳይበስል ይምጣ፤ መንገዱ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳና ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሪፈር የተያያዘ ነው። ፀጉር የሚወጋት እናት ወረንጦዋን ይዛ ጤና ጣቢያ ትምጣ፣ ትመርመር። ዘመዱ በግላኮማ የታወረበት ሰው ሳይታመም ይመርመር። ሰሌዳ የማይታየው ተማሪ ከመገሠጹ በፊት ዓይኑ ይለካ። መድኃኒት ሲሰጥ ቤተሰቡ ሁሉ ይዋጥ፤ የሕፃናቱም ፊት በየጧቱ ይታጠብ።

የኔታ፦ ከዚህ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። በመነጽርና በሞራ ቀዶ ሕክምና የሚመለስ ብርሃን እያለ በጨለማ መቀመጥ አይገባም፤ በትራኮማና በግላኮማ የሚጠፋው ብርሃን ግን አስቀድሞ ካልተጠበቀ አይመለስምና፣ ዓይኑን የተጠራጠረ ሰው ሁሉ የትኛው እንደሆነ በራሱ ሳይወስን፣ ሳይዘገይ ይታይ።